መስታወቱ አልተበላሸም

እህቴ፣ «በ114 ሚሊሜትር ቴሌስኮፔ ኤም57ን፣ ቀለበቷን ኔቡላ (የጋዝ ደመና) ፈልጌ ባለቀለሙን ነገር አጣሁት፣ መስታወቱ ተበላሽቶ ይሆን?» ላልሽው፦ ኧረ አልተበላሸም። እኔም መጀመሪያ ሁለት ሌሊት በላይዋ አልፌ ሄጃለሁ። በ25 እጥፍ ጎልታ ስትታይ ኮከብ ነው የምትመስለው። ከደማቁ ኮከብ ከቬጋ ዝቅ ብለው ያሉትን ሁለት ኮከቦች፣ ቤታና ጋማ ላይራን ያዢና መሀላቸውን ፈትሺ፤ ከዚያ ወደ 100 እጥፍ ስትቀይሪ ያቺ ግራጫ የጭስ ቀለበት ብቅ ትላለች። አታፍጥጪባት፣ ጎን ጎኗን እያየሽ በዐይንሽ ጠርዝ ስረቂያት። ጋቢ ብትከናነቢ የመንገዱ መብራት አይረብሽሽም።

ቀለም ግን አትጠብቂ። በጨለማ የሚሠራው የዐይናችን ክፍል ቀለም አይለይም። ፎቶው ላይ ያለው አረንጓዴ የኦክስጅን፣ ቀዩ የሃይድሮጅንና የናይትሮጅን ብርሃን ነው፤ ካሜራ ነው ቀስ እያለ የሚሰበስበው።

ደግሞ ጊዜውን ምረጪ። እኩለ ሌሊት ላይ አናት ላይ የምትወጣው በሐምሌ ነው፣ ያኔ ደግሞ እኛ ዝናብ ላይ ነን። በጥቅምት፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ግድም እዚሁ ባሕር ዳር ጣና ሐይቅ ዳር ቁሚ። ቬጋ በሰሜን ምዕራብ ከውሃው በላይ ናት፣ የከተማው መብራት ከጀርባሽ ይቀራል። ከቀለበቷ በፊት ሌላውን ኔቡላ ኤም27ን ብትሞክሪ ይሻላል፤ ያኔ ከራስሽ በላይ ነው፣ በስፋትም አምስት እጥፍ ይበልጣታል።

ፎቶው ነው አስቸጋሪው። የቀለበቷ ስፋት 80 የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3600ኛ ነው) ያህል ነው፣ ሰማዩ ደግሞ በየሰከንዱ 12 ተኩል የቅስት ሰከንድ ያህል ይሸሻል፤ ስለዚህ ሰማዩን የሚከተል ሞተር ሳይኖር ካሜራውን 5 ሰከንድ ከከፈትሽ ቀለበቱ ቋሊማ ይሆናል። እኔ ስልኬን አይፒሱ (በዐይን የሚታይበት ሌንስ) ላይ አስሬ በግማሽ ግማሽ ሰከንድ 400 ፎቶ አነሳሁና ዲፕስካይስታከር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ደራረብኳቸው። የወጣችው የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል አረንጓዴ ነገር ናት፣ ግን የኔ ናት። አንድ ጊዜ ሞተር ያለው መቆሚያ ተውሼ ነበር፤ እሱን በተለመደው መንገድ ለማስተካከል የሰሜን ኮከብ መታየት አለበት፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ኮከቡ ከአድማስ 11 ዲግሪ ተኩል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። እጅሽን ዘርግተሽ አንድ ጭብጥ ብትለኪ ያ ነው። የሐይቁ ጭጋግ የሚተኛውም እዚያው! ሁለት ሰዓት ጠብቄ ተስፋ ቆረጥኩ።

ለጤዛው ከካርቶን ጥቅል ሠርተሽ የቴሌስኮፑ አፍ ላይ አጥልቂለት። አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል ግን እንዳትሄጂ፣ ማታ ጉማሬ ሣር ሊግጥ ይወጣል።