ቪኤ የአካል ጉዳት ካሳ ሲከለክል

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ጦር 6 ዓመት አገልግያለሁ። በሥልጠና ላይ ሳለሁ ጉልበቴን ተጎድቼ ነበር፤ አሁን ደረጃ መውጣት እያቃተኝ ነው። ለቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ያቀረብኩት የካሳ ጥያቄ ግን «ሕመሙ ከአገልግሎቱ ጋር አልተያያዘም» ተብሎ ተመለሰ። ደብዳቤው ከደረሰኝ 4 ወር ሆነኝ። በቀጥታ ወደ ይግባኝ ቦርዱ ልሂድ?

መልስ፦ ቦርዱን ለጊዜው ይተዉት። ካሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፦ ዛሬ ያለ፣ በሐኪም የተረጋገጠ ሕመም፤ በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ጉዳት፤ ሁለቱን የሚያያይዝ የሕክምና አስተያየት። ደብዳቤውን እንደገና ያንብቡት። ቪኤ የተቀበለልዎትን ነጥቦች ለይቶ ጽፎ ከሆነ ቀጣዩ መርማሪ እነዚያን በቀላሉ አይሽራቸውም፤ ድካምዎን በጎደለው ላይ ብቻ ያውሉት። የእርስዎ ጉድለት ሦስተኛው ይመስላል።

እንዲህ ከሆነ መንገድዎ ሰፕልመንታል ክሌም (ጥያቄውን በአዲስ ማስረጃ ዳግም ማቅረብ) ነው፤ ቅጹ 20-0995። አዲስና ጉዳዩን የሚመለከት ማስረጃ ይፈልጋል፤ ቀድሞ የላኩትን ወረቀት ደግሞ መላክ ሌላ እምቢታ ያስከትላል። ሐኪምዎ የውትድርና የሕክምና መዝገብዎን ማየቱን ይግለጽ፤ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ የመሆኑ ዕድል ቢያንስ 50 በመቶ መሆኑን ይጻፍ፤ ምክንያቱንም ያስረዳ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ «ሊሆን ይችላል» የሚል ደብዳቤ አያሻግርም። ሲጎዱ ያየ ጓደኛ ካለዎት ምስክርነቱን በቅጽ 21-10210 ይስጥ።

ማስረጃው ቀድሞም መዝገቡ ውስጥ እያለ ታልፎ ከሆነ ግን በቅጽ 20-0996 ከፍ ያለ መርማሪ እንዲያየው ይጠይቁ። እዚያ አዲስ ወረቀት አይቀበሉም፤ ስህተቱን በስልክ ለማስረዳት አንድ ዕድል አለ፣ ቅጹ ላይ ምልክት ማድረግዎን አይርሱ። ቦርዱ፣ በቅጽ 10182፣ ብዙውን ጊዜ ረጅሙ መንገድ ነው።

አንድ እርማት፦ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ለመጠየቅ ያለዎት የ1 ዓመት ገደብ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን እንጂ እጅዎ ከገባበት አይደለም። ካለፈብዎት በሰፕልመንታል ክሌም መመለስ ይቻላል፤ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚከፈልዎት ገንዘብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካዲሱ ማመልከቻ ቀን ይጀምራል።

ቪኤ እውቅና ከሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት የሚያገኙት እርዳታ በነፃ ነው፤ ገና ሳይጀመር ገንዘብ የሚጠይቅዎትን ሰው እውቅናውን ይጠይቁት።

ለምርመራ ከተጠሩ አይቅሩ። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ሲልዎት እንደ ልማዳችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አይበሉት፤ እንዳለ ይጽፈዋል። ጉልበትዎ በባሰበት ቀን ስንት ደረጃ ላይ እንደሚቆሙ ይንገሩት።