መሸኛ ደብዳቤው ደረሰ ወይ?

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ሥራ ለጀመራችሁ ሶሻል ወርከሮች፣ ነርሶች፣ መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች ነው። በአዲስ አበባ በሕጻናትና በቤተሰብ ጉዳይ ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ላውርሳችሁ ብል የምመርጠው አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ያስተማረችኝን ነው።

ጊዜው 1993 ዓ.ም. ነው። ልጅቱን ደላላ ከገጠር አምጥቶ ሠራተኛ አድርጎ ባስገባት ቤት ውስጥ ክንዷ ተቃጥሏል። አንዲት ጎረቤት እጇን ይዘው ቀበሌ አደረሷት። ቀበሌው የሆነችውን ጠይቆ ለፖሊስ ደብዳቤ ጻፈላት። ፖሊስ ቃሏን ተቀብሎ ለሕክምና ማስረጃ ሆስፒታል ላካት። ሐኪሙም እንደገና ጠየቃት፤ የልደት ወረቀት ስላልነበራት ዕድሜዋ በምርመራ ይገመት ተባለና ሌላ ቀጠሮ ተሰጣት። እኔ ዘንድ የደረሰችው በአራተኛው ቀን ነው። እኔም ፋይል ከፍቼ፣ እስክሪብቶዬን አንሥቼ፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት። መሬት መሬቱን እያየች «ምንም አልሆንኩም፤ ራሴ ነኝ ያቃጠልኩት» አለችኝ።

ያለችውን ጻፍኩ። በኋላ ቃሏ እርስ በርሱ ይጋጫል ተባለና ክሱ ሳይመሠረት ቀረ። ማረፊያ እንድታገኝም ለአንድ የሕጻናት ማቆያ መሸኛ ደብዳቤ ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ ቀሪውን ፋይል ውስጥ አስቀምጬ ዋናውን ለጎረቤቷ ሰጠሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስደውል እንዲህ የምትባል ልጅ አልተመዘገበችም አሉኝ። ጎረቤቷን ፈልጌ አገኘኋቸው። «በሩ ላይ ዛሬ ቦታ የለም፣ ነገ ኑ አሉን፤ ሌሊቱን ከቤቴ ወጥታ ሄደች» አሉኝ። የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከመካከላችን ሥራውን ያልሠራ አልነበረም። በሁላችንም መዝገብ ላይ «ተልኳል» ተብሎ ተጽፏል። ልጅቱ ግን የትም አልደረሰችም። ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ የላካችሁት ሰው መድረሱን በጆሯችሁ እስክትሰሙ ድረስ ፋይላችሁን አትዝጉ።

እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ልጅን የሚጠራበት የራሱ ስም አለው። ፖሊስ ጣቢያ «የግል ተበዳይ» ናት፤ ሆስፒታል «ታካሚ»፤ ትምህርት ቤት «ተማሪ»፤ ወረዳ «ተጠቃሚ»። ስሙ ለሥራው ያስፈልጋል፣ አልነቅፈውም። ክፋቱ ያንን ስም የልጅቱ ሙሉ ሕይወት አድርገን ስናየው ነው። የሌላውን ባለሙያ ጥያቄ ስትሰሙም ቶሎ አትፍረዱበት። እኔ በወጣትነቴ ፖሊሶችን ርኅራኄ የሌላቸው አድርጌ አይ ነበር። አንድ መርማሪ ግን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ቀን በትክክል ያልሰፈረበት ወረቀት ክስን እንዴት እንደሚያዳክም በትዕግሥት አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ጎብኝቼ ቀንና ሰዓት ሳልጽፍ ወጥቼ አላውቅም።

አብሮ መሥራት የደግ ሰው ፈቃድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2ን አውጥታችሁ አንብቡ። የመንግሥትንና የግል የበጎ አድራጎት ተቋማትን፣ ፍርድ ቤቶችን፣ የአስተዳደር አካላትንና ሕግ አውጪዎችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠርቶ፣ ሕጻናትን በሚነካ እርምጃ ሁሉ የሕጻኑን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ያዝዛል። ሕጉ ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧቸዋል፤ ወንበሩን የበታተንነው እኛ ነን።

በጎውንም ልንገራችሁ። በ2004 ዓ.ም. በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕጻናት የተቀናጀ አገልግሎት የሚሰጥ ማዕከል ተከፈተ። ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ መርማሪውና ዐቃቤ ሕጉ አንድ ግቢ ውስጥ ሆኑ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኳት ያችን ልጅ ነው። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም ልጆች ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያዩ በሌላ ክፍል ተቀምጠው በካሜራ ቃላቸውን የሚሰጡበት ችሎት አለ። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ልደት በመላ አገሪቱ መመዝገብ መጀመሩም ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ዕድሜን ለማወቅ የሚባክነው ቀጠሮ ልጅን ምን ያህል እንደሚያደክም አይቻለሁና።

ግን ብዙዎቻችሁ የምትመደቡበት ወረዳ እንዲህ ያለ ማዕከል የለውም። እዚያ ማዕከሉን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ፤ ለዚያም አንድ ክፍልና ጥቂት ወንበሮች ይበቃሉ።

በ2010 ዓ.ም. አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ክፍል ውስጥ ይተኛል፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይቀራል፣ «ወላጅ አምጣ» ቢባል አያመጣም ተብሎ ስሙ ደረሰኝ። መምህሩ ልጁን ሰነፍ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እናቱ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እንደጀመረች ታውቃለች፤ ሌሊት የሚያስታምማት ግን ይኸው ልጅ መሆኑን አታውቅም። ወረዳው የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን ዝርዝር ይዟል፤ ሴትየዋ ተከራይ ሆና የነዋሪነት መታወቂያ ስላላወጣች ስሟ የለበትም። የእድሩ ዳኛ ባሏ መሞቱን ያውቃሉ፤ ወርኃዊ መዋጮ ስላቋረጠች ከመዝገብ ተሰርዛለች። አራት ሰው አራት ቁራጭ ይዞ ተቀምጧል፤ ልጁ ደግሞ ሁሉንም ብቻውን ተሸክሟል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተቀመጥን። የጤና ባለሙያዋ ልጁ ከእናቱ ጋር አንድ አልጋ ላይ እንደሚተኛ ስትሰማ ደነገጠች፤ በማግሥቱ ወስዳ አስመረመረችው። መምህሩ ቃለ ጉባኤው ሳይጻፍ ነው ከወንበሩ የተነሣው፤ ለካ እያለቀሰ ኖሯል። ያመለጠውን ትምህርት ከክፍል በኋላ ሊያስጠናው ራሱ ጠየቀ። ወረዳው መታወቂያውን ጀመረላት። የእድሩ ዳኛ ውዝፉን ለጉባኤ አቅርበው አሰረዙላት፤ የሰፈሩ ሴቶችም ተራ ገብተው እስክትበረታ ድረስ ምግብ ያመላልሱላት ጀመር። ልጁ በዚያ ዓመት ክፍሉን አልደገመም።

ከዚህ ታሪክ በተለይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ከስብሰባው በፊት የሆነውን ነው። እናትየውን ቤቷ ሄጄ፣ ማን ምን ቢያውቅ እንደምትፈቅድ ጠየቅኋት። መምህሩ መታመሜን ይወቅ፣ የበሽታውን ስም ግን አይወቅ አለች፤ ለእድሩ ደግሞ «ታማለች» ከሚለው በቀር ምንም እንዳይነገር ለመነችኝ። ቃሏን ጠበቅን። ስለ በሽታው የጤና ባለሙያዋና እኔ ለብቻችን ተነጋገርን፤ ለእድሩ ዳኛ «ታማለች» የሚለው ብቻ ሙሉ በሙሉ በቃ። ብዙ ወጣት ባለሙያዎች መረጃ መለዋወጥ ማለት ሁሉን ዘርግፎ ማውራት ይመስላቸዋል። እኛ አገር የሰው ገመና ከሰፈር አፍ ከገባ አይወጣም፤ አንዴ ያፈረች እናት ደግሞ ሁለተኛ በር አትከፍትላችሁም። ለእያንዳንዱ ሰው ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ንገሩ፤ ከዚያ በፊት ፈቃዷን ጠይቁ። ልጅ ለአደጋ ተጋልጦ ዝም ማለት የማይቻልበት ጊዜም ይመጣል። ያን ጊዜ ለማን እንደምትናገሩና ለምን እንደሆነ ቀድማችሁ ለራሷ ንገሯት።

ሥራ የጀመራችሁ ሰሞን አንድ ሳምንት ለዚህ ስጡ፦ ጤና ጣቢያው፣ ፖሊስ ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የወረዳው ሴቶችና ሕጻናት ጽሕፈት ቤት በእግራችሁ ሂዱ። ከኃላፊው ጋር ብቻ ሳይሆን ጉዳዩን በእጁ ከሚይዘው ሰው ጋር ቡና ጠጡ፤ ስሙንና ስልኩን በደብተራችሁ ጻፉ። ሰው ሲዛወር አዲሱን ሰው ሄዳችሁ ተዋወቁ። የምትልኩት ሰው ያዘነ ወይም የፈራ ከሆነ አብራችሁት ሂዱ፤ ቃሉን ቀድማችሁ ለሚቀበለው ባለሙያ አስረዱለትና ከመጀመሪያው እንዲጀምር አታስገድዱት።

አርብ ከሰዓት ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት በሳምንቱ የላካችኋቸውን ሰዎች ዝርዝር አውጡና ደውሉ። «ሰኞ የላክኋት እናት መጥታለች?» በሉ። አልመጣችም ካሉ ቅዳሜን ሳትጠብቁ ወደ ቤቷ ሂዱ። ቤቱ ቢጠፋባችሁ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ ጠይቁ፤ እሱ የሁሉንም በር ያውቃል።