መድኃኒቱ ከአሳማ ቢሠራ ኃጢአት ይሆናል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። ቀዶ ሕክምና አድርጌ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን የሚባል መርፌ ታዘዘልኝ። ከአሳማ አንጀት እንደሚሠራ ስሰማ ግን ልቤ ከበደኝ። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ለእናቴ ትኩሳት የአውራሪስ ቀንድ ዱቄት ፈልጉላት ይላል። ሁለቱን እንዴት ልያቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። በቅድሚያ መርፌውን እንዳታቋርጪ። የረጋ ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። የአሳማ ሥጋ አለመብላታችን የማዕድ ሥርዓት ነው። ይህ ደግሞ ተለይቶና ተጣርቶ የወጣ መድኃኒት እንጂ ምግብ አይደለም። ስለ ጾምና ስለ ቁርባን ግን ሕመምሽን የሚያውቀው የንስሐ አባትሽ ይምከርሽ።

ከፍጥረት መድኃኒት ማውጣት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ ጦቢት ቅዱስ ሩፋኤል ወጣቱን ጦብያን የዓሣውን ሐሞት አስይዞት የታወረው አባቱ ዓይን በዚያ በራ። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ቁስል የበለስ ጥፍጥፍ አዘዘ። ሲራክም በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። የእባብ መርዝ ማርከሻ እንኳ የሚሠራው በዚያው በእባቡ መርዝ ነው። መርዙን በጥቂቱ ለፈረስ ይወጉታል፤ የፈረሱ ደም መከላከያ ሲያበጅ ያንን ወስደው ያጣሩታል። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

የአውራሪሱ ነገር ግን ሌላ ነው። ቀንዱ ኬራቲን ነው፤ ጥፍራችንና ፀጉራችን የተሠሩበት ማለት ነው። ትኩሳት የሚያበርድ ቢሆን ኖሮ ጥፍር ቆርጦ መፍጨት ይበቃ ነበር! ለዚህ ሲባል አውሬው ይገደላል። ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለተከለከለ የሚሸጠው በድብቅ ነው። እግዚአብሔር ፍጥረትን እንድንገዛ ሰጠን፤ እንድናጠፋው ግን አይደለም። ኦሪት ዘዳግም 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዛል። ለአንዲት ወፍ እንዲህ የተጠነቀቀ አምላክ አውራሪስ በከንቱ ሲያልቅ ደስ ይለዋል?

ዘመዳችሁ ዱቄቱን ከድግምት ጋር የሚያያይዘው ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትቅረቡት። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራው የናስ እባብ እንኳ፣ ሕዝቡ ያጥንለት ስለነበር ሕዝቅያስ ሰባብሮታል።

እናትሽን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት። ትኩሳት የብዙ በሽታ ምልክት ስለሆነ ደሟ ይመርመር። ወባ ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱ አለ፤ ከዋናዎቹ አንዱ አርቴሚሲኒን ከተክል ቅጠል የተገኘ ነው። ጸሎቱንም አታስታጉሉ፤ ሲራክ እዚያው ምዕራፍ ላይ ሲታመሙ መጸለይንም ለሐኪም ቦታ መስጠትንም አብሮ ነው የሚያዘው።