ሻይ የመሰለው ጅረትና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ክረምቱ ስለገባ ይሆናል፣ ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ውሃ ናቸው።

«ከቤተ ክርስቲያናችን ደን ሥር የሚወርደው ጅረት ዝናብ ሲጥል ሻይ ይመስላል። ቆሽሾ ነው?» (ከጎንደር)

የግድ አይደለም። በብርጭቆ ቅዱና አሳድሩት። ከሥሩ ዝቃጭ ካረፈ አፈር ነው፤ አድሮ ውሃው ጠርቶም ቀለሙ ካልለቀቀ ከቅጠል ሟሙቶ የወጣ፣ ካርቦን ያለው ንጥረ ነገር ነው። ደረቅ ቅጠል ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ከሚሟሟው ብዙውን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይለቃል። ከዚያ ሻጋታና ባክቴሪያ ይሰፍሩበታል፣ ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ትንንሽ ነፍሳት ይመጡና ጅማቱ ብቻ እንደ ወንፊት እስኪቀር ይበሉታል። አንዱን አንሱና እዩት፣ እኔ አይቼ አልጠግብም! ጥላ የበዛበት ጅረት ፀሐይ ስለማያገኝ ቀለቡ ይሄው ቅጠል ነው። ለመጠጥ ግን ሳይታከም አይሆንም።

«ዩሪያ ለማሳ ከበጀ፣ ውሃ ውስጥ ቢገባ ምን ይጎዳል?» (ከደምቢያ)

ወንድሜ፣ ዩሪያ ማዳበሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። አፈር ውስጥ ናይትሬት ይሆናል፣ ናይትሬት ደግሞ አፈር ላይ አይጣበቅም፣ ዝናቡ ጠርጎ ወደ መገጭ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ጣና ይወስደዋል። እምቦጭ የሚፋፋው እንዲህ ያለ ምግብ ሲያገኝ ነው። የወንዝ ዳር ዛፍ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። ሥሩ ናይትሬቱን ይመጥጣል፤ ከቅጠሉ ሥር ባለው አየር አልባ ረግረግ ደግሞ ባክቴሪያዎች ካርቦኑን እየበሉ፣ በኦክስጅን ፋንታ ናይትሬቱን ተጠቅመው ጋዝ አድርገው ወደ አየር ይለቁታል። ካርቦን ከሌለ ሥራው ይቆማል።

አሜሪካ ውስጥ ሀባርድ ብሩክ በሚባል ደን፣ በ1965 የአንድ ተፋሰስ ዛፍ በሙሉ ተቆርጦ ለተወሰኑ ዓመታት እንዳያቆጠቁጥ ተደረገ። ማዳበሪያ የጨመረ የለም። የጅረቱ ናይትሬት ግን ከ40 እጥፍ በላይ ጨመረ!

«ለልጄ ውሃውን ባፈላው ናይትሬቱ ይጠፋል?» (ከአዘዞ)

አይጠፋም እህቴ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ናይትሬቱ ግን ውሃው በተነነ ቁጥር ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። በጣም የሚጎዳው ከ6 ወር በታች ያሉ፣ በዱቄት ወተት የሚያድጉ ሕፃናትን ነው። ልጅሽ 6 ወር ካልሞላውና ጡት የምታጠቢ ከሆነ እሱው በቂ ነው፣ ውሃም አትጨምሪለት። በዱቄት ከሆነ የጉድጓዱን ውሃ ሳታስመረምሪ አትበጥብጪበት።

«ጅረቱ ዳር ባሕር ዛፍ ብተክልስ?»

ባትተክል ደስ ይለኛል። ቅጠሉ ናይትሮጅኑ ትንሽ፣ ዘይቱ ብዙ ስለሆነ የጅረቱ ነፍሳት ቶሎ አይደፍሩትም። ራቅ አድርገህ ትከለው፤ ዳር ላይ ያሉትን ሾላና ዋንዛ ግን አትንካቸው።