የጀማሪ ስፌት ለማን ይታይ?

ጥያቄ፦ በሐይቅ ከተማ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አማቴ ሰፌድ ሲሰፉ አጠገባቸው ተቀምጬ ማየት ጀመርሁ፤ ከማየትም አልፌ ወስፌውን ተቀበልኋቸው። ከዚያ ወዲህ እጄ ከስንደዶ ሣርና በቀለም ከተነከረው አለላ አልተለየም። ማታ ማታ «ይህችን ዙር ብቻ ልጨርስ» እያልሁ ሌሊቱ ይጋመሳል፤ ባለቤቴም መጀመሪያ ትስቅ ነበር፣ አሁን ግን መቆጣት ይዛለች። የሰፋኋትን ትንሽ ሰፌድ ፎቶግራፍ አንሥቼ በቴሌግራም ለጓደኞቼ ብልክ አንዳንዱ አደነቀ፣ አንዳንዱ «ወንድ ልጅ ከስፌት ምን አለው?» ብሎ ቀለደ፣ ሁለት ባልደረቦቼ ደግሞ «አስተምረን» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ሰፌዷ መሀሏ ያበጠ፣ ጠርዟም የተወላገደ ነው። በጀማሪነቴ ሥራዬን ማሳየቴና የማውቀውን ማካፈሌ ተገቢ ነው ወይስ እጄ እስኪፈታ ልቆይ? በጥር ለሚደረገው የእህቴ ሠርግስ መሶብ ሰፍቼ ለመስጠት ባስብ ይሳካልኛል?

መምህሩ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያሳዩ፤ ያካፍሉም። ቅር ያለን ነገር ቢኖር ሥራዎ በመጀመሪያ የታየው በፎቶግራፍ መሆኑ ነው። ፎቶግራፍ የአለላውን ቀለምና የጥለቱን አሰላለፍ ያሳይ ይሆናል፤ የስፌቱን ጥብቀት፣ የውስጡን የሰበዝ እስር ውፍረትና የጀርባውን ጥራት ግን ይደብቃል፣ ስፌት ዐዋቂ ደግሞ ቀድሞ የሚመለከተው እነዚህኑ ነው። በወሎ ሴቶች ዘንድ ስፌት ለብቻ ተደብቀው የሚሠሩት ሥራ አይደለም፤ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ፣ አቦሉ እስኪፈላ፣ ከዚያም ቶናውና በረካው እስኪደርስ ድረስ፣ አንዷ የጀመረችውን ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ ተቀብላ በጥፍሯ ትዳስሰዋለች፣ ገልብጣ ታየዋለች፣ ካልጣማትም «ይህን ዙር ፍቺው» ትላለች። ጀማሪ ሥራውን የሚያሳየው እጁ ከተፈታ በኋላ ቢሆን ኖሮ ይህን የምትለው ሴት ራሷ ስፌት ባልተማረች ነበር። ስለዚህ ያችን ያበጠች ሰፌድ ይዘው በአማትዎ የቡና ጠጪዎች መካከል ይቀመጡ፤ በቴሌግራም ካገኙት አድናቆት ይልቅ የእነርሱ ነቀፌታ ይጠቅምዎታል።

የመሀሉ ማበጥ በጀማሪ ሥራ ላይ ዘወትር የሚታይ ነገር ስለሆነ ጥቂት እንበልበት። ስፌት የሚያድገው ውስጡን የሚሞላው እስር በመጠቅለያው እየተጠመጠመ፣ በወስፌ በተበሳው ቀዳዳ በኩል ካለፈው ዙር ጋር እየተያያዘ ነው። አዲሱ ዙር ካለፈው ዙር ጎን ከተኛ ሥራው ዝርግ ይሆናል፤ በጥቂቱ እንኳ ካለፈው ዙር ጀርባ ላይ ከወጣ መነሣት ይጀምራል፣ የመሶብና የሙዳይ ግድግዳ የሚቆመውም በዚሁ መንገድ ነው። እርስዎ ሳያስቡት ግድግዳ ጀምረዋል ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያት እጅን ማክረር ነው፤ ጀማሪ እንዳይላላበት ስለሚፈራ መጠቅለያውን ከልክ በላይ ይስባል፣ የውጪው ዙር ከሚገባው በላይ ያጥርና መሀሉን ወደ ላይ ይገፋዋል። በየጥቂቱ ሰፌዱን በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በመዳፍዎ ይጫኑት፤ አልተኛም ካለ ከዚያ ወዲያ መቀጠል ጥፋቱን ማሳደግ ስለሆነ እስከተነሣበት ዙር ድረስ ይፍቱት። የጠርዙ መወላገድ ግን ብዙውን ጊዜ ከእስሩ ይመጣል፦ እስሩ ሲሳሳ ጠብቀው ብዙ ሰበዝ በአንድ ጊዜ የሚጨምሩ ከሆነ አንዱ ቦታ ይወፍራል፣ አንዱ ይቀጥናል። አንድ አንድ እያደረጉ፣ ጫፉን ከመካከል እየደበቁ ይጨምሩ። መጠቅለያውም ሳይረጥብ ከታጠፈ ይሰነጠቃል፤ ይህን አማትዎ አስቀድመው ነግረውዎት ይሆናል።

«ወንድ ልጅ» የሚለውን ቀልድ ብዙ ቦታ አንሰጠውም። በአገራችን ደጋው ክፍል ጥጡን ሴቷ ትፈትላለች፣ ጋቢውን ወንዱ ይሸምናል፤ የሥራ ክፍፍሉ የልማድ እንጂ የጣት ጉዳይ አይደለም።

ስለ ማስተማሩ ግን ጥንቃቄ ያሻል። መምህር ነዎትና አንድን ነገር መሥራት መቻልና ማስረዳት መቻል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው አይጠፋዎትም። አነሣሡን፣ ማርጠቡን፣ ወስፌ አያያዙን ለባልደረቦችዎ ቢያሳዩ ምንም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ችግሩን በቅርቡ ያለፈበት ሰው ዐዋቂዋ ከረሳቻቸው እንቅፋቶች አንዳንዶቹን ያስታውሳል። ካልደረሱበት ነገር ሲደርሱ፣ ለምሳሌ ከጥለት አቆጣጠር፣ ክቡ እየሰፋ ሲሄድ ስፌት መጨመር ስለሚያስፈልግ ቁጥሩ በየዙሩ ይለዋወጣልና፣ «ይህን እማማን እንጠይቅ» ማለትን ይልመዱ። ከሁሉ የሚሻለው አማትዎን አስፈቅደው ሦስታችሁም በእርሳቸው ፊት መቀመጥ ነው፤ አንድ ኪሎ ቡና ይዘው ቢሄዱ የሚከለክሉዎት አይመስለንም። ዕድል ካገኙም በአንድ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ይውረዱ። ደገኛውና ቆለኛው በሚገናኝበት በዚያ ገበያ የስፌት ሥራ ብቻ ሳይሆን የአፋር ሴቶች ከዘንባባ ዝርያ ቅጠል የሚጎነጉኑት ምንጣፍ ዓይነትም ሊያጋጥምዎ ይችላል፤ የምንጣፉ ጉንጉን ከስፌቱ ጥምጥም እንዴት እንደሚለይ በእጅ ነክቶ ማየት ለጀማሪ ታላቅ ትምህርት ነው።

ሌሊቱን ስለሚወስድብዎት ፍቅር ባለቤትዎ እውነት አላቸው። «አንድ ዙር» የሚለው መለኪያ አታላይ ነው፤ ከመሀሉ 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያለው ዙር በ5 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለው አራት እጥፍ ይረዝማል፣ ስለዚህ ሥራው ባደገ ቁጥር ያችው አንድ ዙር የሌሊቱን ግማሽ ትበላለች። በዙር መቁጠሩን ይተዉና ማታ የሚበቃዎትን ያህል መጠቅለያ ብቻ ቀድመው ያርጥቡ፤ እርሱ ሲያልቅ፣ ዙሩ መሀል ላይ ቢቆምም፣ ወስፌውን ያስቀምጡ። ቀለም መምረጥንም ለቀን ብርሃን ይተዉት፤ በአምፖል ብርሃን ተመሳስለው የታዩ ሁለት ቀዮች በማግስቱ ሊለያዩ ይችላሉ።

የመሶቡን ነገር በግልጽ እንንገርዎት፦ ለዘንድሮ ጥር አይደርስም። መሶብ እግሩ፣ ገበታውና ክዳኑ ተለክተው የሚገጣጠሙበት ሥራ ስለሆነ እጃቸው የተፈታ ሴቶች እንኳ ወራት ይፈጅባቸዋል፤ ስንደዶም የሚለቀመው ክረምቱ ሲወጣ ስለሆነ ካላስቀመጡ አሁን የደረቀውን ከገበያ መግዛት ይኖርብዎታል። ለእህትዎ ቡና ላይ ቆሎና ፈንዲሻ የሚቀርብባት ዝርግ ሰፌድ ይስፉላት፤ ዝርግ ማድረግን ለመማር እንደዚህ ያለ ምክንያት አይገኝም። መስፋት ከመጀመርዎ በፊት አለላውን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያሳድሩት፤ ጨርቁ ቀለም ካነሣ ያን አለላ እንጀራ ለማያርፍበት ዕቃ ያስቀምጡት።