ራጁ ያላየው የአፍንጫ ጉዳት

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ኳስ ሲጫወት የጓደኛው ክርን አፍንጫውን መታው። በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ወሰድኩት። ራጅ ተነሥቶ «አልተሰበረም» ተባልን፤ ማስታገሻ ይዘን ተመለስን። ዛሬ 2ኛ ቀኑ ነው። ከላይ እብጠቱ ቀንሷል፤ ግን በአፍንጫው መተንፈስ አቅቶት አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው። ትንሽ ልጠብቅ?
እናት፣ ከኩታበር

መልስ፦ እህቴ፣ የወሎ ሰው ነኝና «አብሽሪ» ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ። ግን ይሄ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። መልእክትሽን እንዳነበብኩ የደወልኩልሽም ለዚህ ነው። እዚህ የምጽፈው ሌላም እናት እንድታነበው ብዬ ነው።

ደሴ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አፍንጫው የተመታ ሰው ሲመጣ ሁሉም የሚጠይቀው «ተሰብሯል ወይ?» ብሎ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው ግድግዳ ነው። የፊተኛው ክፍሉ ለስላሳ አጥንት ነው፤ የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከለበሰው ስስ ሽፋን ነው። ምቱ ሽፋኑን ሲያላቅቀው መሀል ላይ ደም ይቋጥራል፤ አጥንቱም ምግብ ያጣል። ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ መግልም ሊይዝ ይችላል። ራጅ ይህን አያሳይም።

አንድ እረኛ ልጅ ከዓይኔ አይጠፋም። በተመታ በ5ኛ ቀኑ ትኩሳት ይዞት መጣ። መጀመሪያ በታየበት ቦታ ውስጡን ያየለት አልነበረም። መብራት ሳበራ ግድግዳው በሁለቱም በኩል አብጦ እንደ በሰለ አጋም ጠቁሯል። በጥጥ ነካ ሳደርገው ሰርጎድ አለ። መግሉ ወጣለት፤ የአፍንጫው ጀርባ ግን ሰምጦ ቀረ።

ስለዚህ እናቶች፣ የልጁን የአፍንጫ ጫፍ በአውራ ጣት ቀና አድርጉና በስልክ መብራት እዩ። ቀዳዳውን የደፈነ እብጠት ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። «ውስጡን እዩልኝ» በሉ፤ አትፈሩ። በማደንዘዣ ቀደድ አድርገው ደሙን ያፈሱለታል፤ ተመልሶ እንዳይቋጥር ይወትፉለታል።

አጥንቱ የተጣመመ ከመሰላችሁ እብጠቱ ሲጎድል፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ፣ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። የልጅ አጥንት ቶሎ ስለሚገጥም ከ7 እስከ 10 ቀን ሳያልፍ ቢቃና ይሻላል።

ሲነስረው አንገቱን ወደ ኋላ አታጋድሉት፤ ደሙን ይውጠዋል። ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፤ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ቆንጥጣችሁ ሳትለቁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዙለት። እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከተንጠባጠበ ግን የአንጎል ፈሳሽ ሊሆን ይችላልና እንዳይናፈጥ፤ ወዲያው ውሰዱት።

እህቴ፣ ማታ ደውለሽ «ደሙ ወጣለት» ስትይኝ እፎይ አልኩ። ውታፉ ከተነሣ በኋላም አፉን ከፍቶ ከተኛ ሳታድሪ ደውይልኝ።