ናኖ ቅንጣቱ ነው ወይስ የተሸከመው ቆሻሻ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ለመመረቂያዬ ከግራዋ ቅጠል ጭማቂ የብር ናኖ ቅንጣት (እጅግ ደቃቅ የብር ማዕድን ብናኝ) ሠርቻለሁ። የሰው ነጭ የደም ሴሎች ላይ ስጨምረው ሴሎቹ ያብዳሉ፣ የብግነት ምልክቱ ጣራ ይነካል። አማካሪዬ «ቅንጣትሽ ብግነት ያስነሳል ማለት ነው፣ ግኝት ነው፣ ጻፊው» ይሉኛል። የላብ ጓደኛዬ ደግሞ «ኢንዶቶክሲን ሳትመረምሪ እንዳትጽፊ» ትለኛለች። እኔ ኦቶክሌቭ አድርጌዋለሁ (በግፊት በጋለ እንፋሎት ቀቅዬዋለሁ)፣ በ0.22 ማይክሮን ፊልተርም አሳልፌዋለሁ። የኢንዶቶክሲን መመርመሪያው ኪት ውድ ነው። ምን ይሻለኛል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ጓደኛሽን ቡና ጋብዢልኝ። ገና አትጻፊው።

ኦቶክሌቭ ባክቴሪያውን ገድሎልሻል፣ እሱ ላይ ጥርጥር የለኝም። ኢንዶቶክሲን ግን ነፍስ ያለው ነገር አይደለም። እነ ኢ. ኮላይን የመሳሰሉ ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋን ላይ ያለ፣ ስብና ስኳር የተያያዙበት ሞለኪውል ነው። ባክቴሪያው ሲሞት ይበተናል እንጂ አይጠፋም። የ121 ዲግሪ እንፋሎት ብዙም አይነካውም። ፊልተሩም ባክቴሪያውን ያስቀራል እንጂ እሱን አያስቀርም፣ ሾልኮ ያልፋል።

እስቲ ሥራሽን ከመጀመሪያው አስቢው። ግራዋው ከአጥር ላይ ተቀጠፈ፣ ታጠበ (በምን ውሃ?)፣ ከዚያ ተቀቀለ። ቅጠሉ ላይ የነበረው ባክቴሪያ ሲቀቀል ይሞትና ኢንዶቶክሲኑን እዚያው ጭማቂው ውስጥ ይለቃል። ቀጥሎ ውሃው አለ። እኛ ከተማው ዳር ያለን ሰዎች ውሃ የሚጠፋበትን ቀን እያሰብን ማጠራቀም ልማዳችን ነው፣ ላብም ውስጥ የተጣራው ውሃ በጀሪካን ተሞልቶ ጥግ ላይ ይቀመጣል። የቆየ ጀሪካን ውስጥ ጣትሽን አስገብተሽ ግድግዳውን ንኪው። የሚያሟልጭ ነገር ካለ እሱ የባክቴሪያ መንደር ነው። ናኖ ቅንጣት ደግሞ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ገጽታው ሰፊ ነው፣ ጋቢ አቧራ እንደሚይዘው ያገኘውን ይይዛል። ስለዚህ ሴሎችሽ የተቆጡት በብሩ ይሁን በተሸከመው ቆሻሻ አሁን ባለሽ ውጤት መለየት አይቻልም። ነጭ የደም ሴል በሚሊ ሊትር ከአንድ ናኖግራም ያነሰ ኢንዶቶክሲን ይበቃዋል፣ በጣም ቁጡ ነው። ደግሞ አንቺ ብቻ አይደለሽም። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ለካንሰር ሕክምና የታሰቡ ናኖ መድኃኒቶችን ሲመረምር የቆየ የመንግሥት ላብራቶሪ ነበር፣ ከተላኩለት ናሙናዎች ሲሶ ያህሉ በኢንዶቶክሲን የተበከሉ ሆነው ነው የተገኙት።

እሺ፣ ምርመራው። የተለመደው ኤል ኤ ኤል የሚባለው ነው። ሆርስሹ ክራብ ከሚባል ሰማያዊ ደም ያለው የባሕር እንስሳ የደም ሴል የሚሠራ ሬጀንት (መመርመሪያ ውህድ) ነው፣ ኢንዶቶክሲን ሲያገኝ ይረጋል። (እሱ ከመምጣቱ በፊት ጥንቸል ወግተው ትኩሳቷን ይለኩ ነበር።) ሦስት ዓይነት አለው፦ መርጋቱን በዓይን የምታዪበት፣ ድፍርስነት የሚለካበት፣ ቀለም የሚለካበት። አንቺ ላይ ጣጣ የሚያመጣው የመጨረሻው ነው። ቢጫው ቀለም የሚነበበው በ405 ናኖሜትር ነው፣ የብር ናኖ ቅንጣት ራሱ ብርሃን የሚውጠው ደግሞ እዚያው 400 አካባቢ ነው። ማሽኑ ብርሽን አይቶ «ኢንዶቶክሲን አለ» ይልሻል! የድፍርስነቱም ያው ነው፣ ቅንጣትሽ ራሱ ድፍርስ ነዋ። ስለዚህ በመርጋት የሚታየውን ውሰጂ። 37 ዲግሪ ላይ ለ60 ደቂቃ ታቆዪና ቱቦውን ትገለብጪዋለሽ፣ የረጋው ካልፈሰሰ ፖዘቲቭ ነው። ውድ ማሽን አያስፈልገውም።

ተቃራኒውም ይከሰታል። ብር የሬጀንቱን ኢንዛይም ሊያደነዝዘው ስለሚችል ቆሻሻው እያለ ንጹሕ የሚል ውጤት ልታገኚ ትችያለሽ። በእኔ ግምት ይኼኛው ይብሳል፣ ደስ ብሎሽ ትጽፊዋለሻ። መከላከያው ናሙናሽ ላይ መጠኑን የምታውቂውን ኢንዶቶክሲን ጨምረሽ መመርመር ነው። መርጋት ካለበት ካልረጋ ቅንጣቱ ምርመራውን እያበላሸው ነው። በቁጥር የሚሰጡት ኪቶች ላይ ደግሞ ከጨመርሽው ውስጥ ከ50 እስከ 200 በመቶው ተመልሶ መነበብ አለበት። ካልሆነ ናሙናውን አቅጥኚና ድገሚ፣ ኪቱ ከሚፈቅደው ልክ ግን አትለፊ።

አንድ ጣጣ ቀረ። ኤል ኤ ኤል ቤታ ግሉካን ለሚባለው ስኳርም ይረጋል። ያ ደግሞ ከዕፅዋት፣ ከሻጋታና ከሴሉሎስ ፊልተር ይመጣል፣ አንቺ ጋ ቅጠሉም አለ፣ ፊልተሩም ሴሉሎስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግሉካንን የሚያግድ በፈር (ማሟሚያ ፈሳሽ) ያለው ኪት እዘዢ።

ኪቱ ውድ ከሆነ ከቅንጣቱ አትጀምሪ። መጀመሪያ ውሃውን ብቻ መርምሪ፣ ቀጥሎ ብር ያልገባበትን ጭማቂ። ውሃው ፖዘቲቭ ከሆነ ቅንጣቱ ላይ ኪት አታባክኚ፣ ከአዲስ ውሃ ጀምሪ። ያንኑ ብር የሌለበትን ጭማቂ ሴሎቹ ላይም ሞክሪው፣ ይኼ ኪት እንኳን አይፈልግም። ሴሎቹ በሱም ካበዱ ለአማካሪሽ ያንን አሳዪያቸው፣ ክርክር አያስፈልግም። ፖሊሚክሲን ቢ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ካገኘሽ ደግሞ ሴሎቹ ላይ ከቅንጣቱ ጋር ጨምሪው። ኢንዶቶክሲንን ስለሚይዝ ብግነቱ ከወረደ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ፍንጭ ይሰጥሻል።

የብርጭቆ ዕቃዎችሽን 250 ዲግሪ ደረቅ ኦቭን ውስጥ ለ30 ደቂቃ አቆዪያቸው፣ ኢንዶቶክሲንን የሚያጠፋው እሱ ነው። ቅንጣቱን ግን እዚያ አታስገቢ፣ ያለበሰው የቅጠል ሽፋን ይቃጠልና ሌላ ነገር ይሆንብሻል። የተበከለ ቅንጣት ማጽዳት ብዙ ጊዜ ልፋቱ አያዋጣም፣ በንጹሕ ዕቃ እንደገና መሥራቱ ይቀላል።

ጥያቄ፦ የ8 ወር ልጅ አለኝ፣ ሱሉልታ ነው የምንኖረው። የዱቄት ወተቱን የምበጠብጥለት በፈላ ውሃ ነው። ማፍላት ኢንዶቶክሲንን አያጠፋም ሲባል ሰምቼ ደነገጥኩ።

መልስ፦ አይደንግጡ እናቴ። የሰሙት እውነት ነው፣ ግን ልጅዎ የሚጠጣውን አይመለከትም። አንጀታችን ራሱ በእነዚህ ባክቴሪያዎች የተሞላ ነው። ኢንዶቶክሲን የሚያስፈራው በመርፌ ወይም በግሉኮስ ቀጥታ ደም ውስጥ ሲገባ ነው። ለዚህ ነው ለመርፌ የሚሆን ውሃ በሚሊ ሊትር ከ0.25 የኢንዶቶክሲን ዩኒት (መለኪያ) በላይ እንዳይኖረው የሚደረገው፣ እሱ ደግሞ የፋብሪካው ራስ ምታት ነው። ማፍላትዎን አይተዉ፣ ተቅማጥ የሚያመጡትን ተሕዋስያን ይገድላል። የፈላውን ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ያስቀምጡ፣ የተበጠበጠ ወተት ከተረፈ ግን ለሚቀጥለው አያቆዩለት፣ ይድፉት።